ኬ14/16፦ ሐረር ድረስ መጥቶ ያላሳፈረን የፖታሲየም ቻናል አንቲቦዲ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ነርቭ ወይም አንጎል ላይ የፖታሲየም ቻናል፣ ማለትም ፖታሲየምን የሚያሳልፈውን የሕዋስ ሽፋን በር፣ ማየት የምትፈልጉ፣ በተለይ ደግሞ እንደኛ ሐረርና ድሬዳዋ አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ፣ ኬ14/16 የሚባለውን፣ ኬቪ 1.2 የተባለውን የፖታሲየም ቻናል ዓይነት ፈልጎ የሚይዘውን አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) ግዙ። ገንዘቡ አያስቆጭም። እኛ ራት በሚባለው ትልቅ የላብራቶሪ አይጥ ነርቭና ሴሪቤለም (ከኋላ ያለው ትንሹ አንጎል) ላይ ሞክረነዋል። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ፣ መብራት ጠፍቶበት፣ በተራ ማይክሮስኮፕ ታይቶ ሠርቷል። ከሱ በፊት በርካሽ የገዛነው ሌላ አንቲቦዲ ግን ጊዜያችንን በልቶ ነው የተጣለው። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ። ዕቃው እዚህ እስኪደርስ የሚያየውን አበሳም እጨምርበታለሁ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ የምናነበው አብዛኛው አስተያየት የሚጻፈው ዕቃው ከነበረዶው ላብራቶሪ በር ላይ ለሚደርስለት ሰው ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደፈለግነው። ሐረር ሆስፒታል ውስጥ የስኳር ሕሙማን ክትትል ያለበት ቀን ኮሪደሩ ላይ የቆመ ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ነገር አለ፤ «እግሬን ያቃጥለኛል»፣ «ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል»። የኛ ጥያቄ የመጣው ከዚያ ነው። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ፣ ነርቩ ላይ ያሉት የፖታሲየም ቻናሎች ቦታቸውን ይለቃሉ ወይ? ይህን ለማወቅ ቻናሉን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ለማየት ደግሞ ከሌላው ሁሉ ለይቶ እሱን ብቻ የሚይዝ አንቲቦዲ የግድ ነው።

ነርቭ፣ ጡንቻና ልብ በኤሌክትሪክ የሚነቃቁ ሕዋሳት ናቸው። ሶዲየም ሲገባ ሕዋሱ ይተኩሳል፣ ፖታሲየም ሲወጣ ይረጋጋል። ይህን ሆጅኪንና ሀክስሊ ከስኩዊድ ወፍራም ነርቭ ላይ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1952 በሒሳብ አስቀምጠውታል። የመጀመሪያው የፖታሲየም ቻናል ጂን የተለየው ግን ቆይቶ በ1987 ነው፣ ያውም ኤተር ሲሰጣት እግሯን ከምታንቀጠቅጥ የፍራፍሬ ዝንብ። ዛሬ በሰው ላይ ብቻ ከ70 በላይ የፖታሲየም ቻናል ጂኖች ይታወቃሉ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ከ70 በላይ የሆኑት ወንድማማቾች ናቸው፣ ብዙዎቹ በጣም ይመሳሰላሉ። ኬቪ 1.1፣ ኬቪ 1.2፣ ኬቪ 1.4 እያለ የሚሄደው ቤተሰብ መካከለኛው ክፍሉ አንድ ዓይነት ነው ለማለት ትንሽ ነው የሚቀረው። በዚያ ላይ አንድ ቻናል የሚሠራው ከአራት ቁራጮች ተገጣጥሞ ነው፣ አራቱም ደግሞ የግድ ከአንድ ጂን አይመጡም፤ ኬቪ 1.1 እና ኬቪ 1.2 አንድ ቻናል ውስጥ ተቀላቅለው ይቀመጣሉ። ስለዚህ አንቲቦዲው የተሠራው ከየትኛው የፕሮቲኑ ክፍል እንደሆነ ሳትጠይቁ ከገዛችሁ ምን እንዳያችሁ ሳታውቁ ነው የምትጽፉት። ጥሩዎቹ የሚሠሩት ብዙውን ጊዜ ከጫፉ፣ ከሕዋሱ ውስጥ ከተንጠለጠለው ጅራቱ ነው፣ ምክንያቱም ወንድማማቾቹ የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው።

ኬ14/16 ከነዚህ አንዱ ነው። ሞኖክሎናል ነው፣ ማለትም ሁሉም ከአንድ ሕዋስ ዘር የመጣ፤ ኮለርና ሚልስቲን በ1975 ባወጡት ዘዴ የሚሠራው ዓይነት። የተሠራው ከኬቪ 1.2 ጅራት ነው። መነሻው የጄምስ ትሪመር ላብራቶሪ ነው። በኋላ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያለው ኒውሮማብ የሚባለው ፕሮጀክት አቀፈው፣ አሁን አንቲቦዲስ ኢንኮርፖሬትድ በካታሎግ ቁጥር 75-008 ይሸጠዋል። እነዚህ አንቲቦዲዎች መጀመሪያ የተገለጹበት የ1996 ጥናት ላይ ከተመራማሪዎቹ ፊት የተቀመጠው ስም «በቀለ» የሚል አለበት። ተማሪዎቻችን ጽሑፉን ሲያነቡ ይህን አይተው ፊታቸው በራ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ወደ ሥራው። መጀመሪያ የሞከርነው ነርቩ ላይ ሳይሆን ሴሪቤለም ላይ ነው። ይህን ምክር ከሁሉም በላይ አደራ እላለሁ። አዲስ አንቲቦዲ ስትከፍቱ፣ መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ቦታ ሞክሩት። ኬቪ 1.2 ሴሪቤለም ውስጥ የት እንዳለ በደንብ ይታወቃል። ባስኬት የሚባሉት ሕዋሳት የነርቭ ጫፋቸውን ወደ ታች ሰብስበው ትልቁን የፐርኪንጄ ሕዋስ ከግርጌው ያቅፉታል፣ ኬቪ 1.2 እዚያ ጫፍ ላይ ታጭቆ ይገኛል። እኛ ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ በፈለግነው ሰዓት ስለማናገኝ በዳብ ነው ያቀለምነው፣ ቡናማ የሚሰጠው ማለት ነው። ስላይዱን በ40 ሌንስ ስናየው የፐርኪንጄ ሕዋሳት ገርጣ ብለው በረድፍ ተደርድረዋል። ከእያንዳንዳቸው ሥር ቡናማ ነገር እንደ ጭራ ተንጠልጥሏል፣ ከላይ ሰፋ ከታች ሹል ያለ። የሕዋሱ ሆድ ንጹሕ፣ ኒውክሊየሱ ንጹሕ፣ ከጎኑ ያሉት ጥቃቅን ግራኑል ሕዋሳትም ቡናማው አልነካቸውም። አጠገቤ የቆመችው ቴክኒሻን ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሣ «ይሄማ በግልጽ ጽፎ ነው የነገረን» አለች። እኔም የምለው ያንኑ ነው።

ከዚያ ወደ እግር ነርቭ፣ ወደ ሳያቲክ ሄድን። ነርቩን በቀጭን መርፌ ክር ክሩን ለያይታችሁ ስላይድ ላይ ካነጠፋችሁት፣ ማይሊን የሚባለውን ሽፋን የለበሰው ክር በየቦታው ጠበብ የሚልበት ኖድ አለ። ኬቪ 1.2 ኖዱ ላይ አይቀመጥም። ከኖዱ ግራና ቀኝ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ማይሊኑ ሥር ይደበቃል። እኛም ያየነው ያንን ነው፤ ሁለት አጫጭር ቡናማ መስመሮች፣ መሃላቸው ባዶ። ይህ ሥዕል ከመማሪያ መጻሕፍት ጋር ይገጥማል። ማይሊኑ ሲላጥ እነዚህ ቻናሎች ይጋለጣሉ፣ ፖታሲየም ይፈስሳል፣ ምልክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። አሜሪካ በ2010 ለኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ማይሊን የሚላጥበት በሽታ) ሕሙማን መራመጃ ብላ የፈቀደችው 4-አሚኖፒሪዲን የሚሠራው እነዚህን ቻናሎች በመድፈን ነው። ስለዚህ ሁለቱ መስመሮች የት እንዳሉ ማወቅ ለሐኪምም ጉዳዩ ነው።

ፕሮቲኖችን ጄል ላይ በክብደታቸው ለይቶ በአንቲቦዲ በሚያሳየው በዌስተርን ብሎትም አልከፋም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ኬቪ 1.2 ርዝመቱ 499 አሚኖ አሲድ ነው፣ ክብደቱ በስሌት ወደ 57 ኪሎዳልተን ይመጣል። አንጎል ውስጥ ያለው የበሰለው ቻናል ግን ስኳር ስለሚጨመርበት ወደ 80 ገደማ ላይ ነው የሚታየው። ኬ14/16 ዋናውን ባንድ፣ ማለትም መስመር፣ እዚያ ላይ ሰጠን። ናሙናውን እንደ ሌላ ፕሮቲን በ95 ዲግሪ አታፍሉት። ሽፋን ውስጥ ደጋግሞ የሚመላለስ ፕሮቲን ሲፈላ እርስ በርሱ ተጣብቆ ከጄሉ አፍ ላይ ይቀራል። በ37 ዲግሪ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

አሁን ወደ ርካሹ ልምጣ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ጥንቸል ላይ የተሠራ ፖሊክሎናል፣ ማለትም ከብዙ ሕዋስ ዘር የመጣ ድብልቅ፣ ነበር፣ ለዚሁ ለኬቪ 1.2። የተገዛው በዋጋው ነው፣ ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ሲቀርብለት ዝቅተኛውን መምረጥ ስላለበት። ዳታ ሺቱን አሁን ስታዩት ሁሉ ነገር ይነግራችኋል። ለዌስተርን ይሆናል፣ ለቲሹ ይሆናል፣ ለኤላይዛ ይሆናል፣ ለሰው፣ ለራት፣ ለላም፣ ለዶሮ ይሆናል ይላል። ሥዕሉ ግን አንድ ነው፤ አንድ ባንድ፣ ልክ 57 ላይ። ከየትኛው የፕሮቲኑ ክፍል እንደተሠራ «የባለቤትነት መረጃ ነው» ብሎ ዘሎታል።

ሴሪቤለም ላይ ስንሞክረው ኒውክሊየሱን ሁሉ ቡናማ አደረገው። የፐርኪንጄውን፣ የግራኑሉን፣ የደም ሥሩን ግድግዳ ሳይቀር። የሽፋን ቻናል ኒውክሊየስ ውስጥ ምን ይሠራል? ከባስኬት ጫፍ ላይ ደግሞ ምንም የለም። ብሎኪንጉን፣ አንቲቦዲው ያለ ቦታው እንዳይጣበቅ የሚከላከለውን፣ አጠነከርን፣ መጠኑን ቀነስን፣ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የአንጎሉን ናሙና ቻናሉ ከማይጠበቅበት ከጉበት ናሙና ጋር ጎን ለጎን ብሎት አደረግነው። ጉበቱም አንጎሉም ያንኑ ባንድ እኩል ሰጡን። እዚያ ላይ አቆምን። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጊዜዋን በዚህ ዕቃ ምክንያት ለማራዘም ተገድዳለች፤ ይህ እስካሁን ያናድደኛል። የአንቲቦዲው ዋጋ ብቻ አይደለም የጠፋው። የእንስሳቱ ሕይወትም አለ፣ የዳቡም፣ የሰውም ልፋት አለ።

ይህ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። በዚሁ በፖታሲየም ቻናል ዙሪያ አንድ ትልቅ ትምህርት አለ። ለዓመታት ሐኪሞች አንዳንድ ሕሙማን ላይ «የፖታሲየም ቻናል ፀረ እንግዳ አካል» አለ ሲሉ ነበር። ምርመራው የሚሠራው ከማምባ እባብ መርዝ የመጣ ዴንድሮቶክሲን በጨረር ምልክት ተደርጎበት ቻናሉን እንዲይዝ በማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሲጣራ የአብዛኞቹ ሕሙማን ፀረ እንግዳ አካል የሚይዘው ቻናሉን ራሱን አልነበረም፤ አብረውት የሚወጡትን ኤልጂአይ1 እና ካስፐር2 የሚባሉ ፕሮቲኖች ነበር። የሕክምናው ዓለም ራሱ ቻናሉን ያዝኩ ብሎ ጎረቤቱን ይዞ ከተገኘ፣ እኛ በአንድ ባንድ ሥዕል አምነን መግዛት የለብንም።

ታዲያ በምን እንመን? ለኔ ትልቁ ማስረጃ ጂኑ የጠፋበት እንስሳ ነው። ቻናሉ የሌለበት አንጎል ላይ አንቲቦዲው ዝም ካለ ታማኝ ነው። እኛ እንዲህ ያለ እንስሳ የለንም፣ ቢያንስ ግን ሻጩን «አሳዩኝ» ማለት እንችላለን። በ2016 ብዙ ተመራማሪዎች ተሰባስበው ያወጡት የማረጋገጫ ሐሳብ አምስት መንገዶችን ያስቀምጣል፣ ጂኑን ማጥፋት አንዱ ነው፤ ሌላው ያው ፕሮቲን ላይ በተለያየ ቦታ የሚያርፉ ሁለት አንቲቦዲዎችን ማወዳደር ነው። ይህ ሁለተኛው በኛ አቅም ይቻላል።

እኛ ለማወዳደሪያ ያመጣነው የአሎሞን ላብስን የጥንቸል ፖሊክሎናል ነው። ኢየሩሳሌም ያለ ድርጅት ነው፣ ዋና ሥራው አዮን ቻናል ነው። ስለ እሱ የምወደው ነገር አመጣጡ ነው። ደርቆ ዱቄት ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ያለ በረዶ በተራ ሙቀት ይላካል። ሲደርስ ወደ ፍሪዘር ታስገቡታላችሁ፣ ልትሠሩበት ስትሉ በተጣራ ውኃ ትበጠብጡታላችሁ፣ ሴንትሪፊዩጅ ታደርጉታላችሁ፣ አለቀ። ከየትኛው ክፍል እንደተሠራ ቁልጭ አድርጎ ይጽፋል፣ መቆጣጠሪያ ፔፕታይዱም፣ ማለትም አንቲቦዲው የተሠራበት አጭር የፕሮቲን ቁራጭ፣ ይገኛል። የባስኬት ጫፎቹ ላይ ከኬ14/16 ጋር አንድ ዓይነት ሥዕል ሰጠን፣ ይህ ልባችንን አሳረፈው። ከዒላማው ውጭ ያለው የጀርባ ቀለም ግን ትንሽ ደመቅ ይላል። ፖሊክሎናል እንደመሆኑም ጥንቸሉ ሲቀየር ሎቱ፣ ማለትም የምርቱ ዙር፣ ይቀየራል፣ ስለዚህ የሎት ቁጥሩን መዝግቡ፣ አዲስ ሎት ሲመጣ ሴሪቤለም ላይ እንደገና ፈትኑ። ስለ ፔፕታይዱም አንድ ነገር ልበል። አንቲቦዲውን ከፔፕታይዱ ጋር ቀላቅላችሁ ቀለሙ ቢጠፋ፣ አንቲቦዲው ፔፕታይዱን እንደሚይዝ ነው ያወቃችሁት። ሌላ ፕሮቲን አይዝም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል።

አሁን የጉዞው ነገር። ዕቃው ቦሌ ይገባል፣ ጉምሩክ ያልፋል፣ በአውሮፕላን ድሬዳዋ ይደርሳል፣ ከዚያ በመኪና ደንገጎን ወጥቶ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ሐረር ይገባል። የመጨረሻው ቁራጭ መንገድ ቀላሉ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሙቀቷን ታውቁታላችሁ፤ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ደንገጎ ጫፍ ላይ ስትደርሱ አየሩ ይቀየራል፣ የሣጥኑም የኛም ትንፋሽ ይመለሳል። ድሬ ዕቃ ስቀበል ካርጎ ላይ የሚሠራው ልጅ «አቦ ይሄን ነገር ጥላ ሥር አድርጉት» ብሎ ራሱ ነው ተሸክሞ ያስገባው። እንዲህ ያለ ሰው ይባረክ።

ዋናው ችግር ከዚያ በፊት ነው። አዲስ አበባ ያለው አስመጪያችን፣ ስሙን አልጠራም፣ አንዱን ጭነት መጋዘን ውስጥ በዓል አሳልፎበት ነው የላከው። ሣጥኑን ስንከፍት በረዶው ውኃ ሆኗል። የሙቀት መለኪያ አልገባበትም። ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «ምንም አይሆንም» ብቻ ነው። ይህ መልስ አይደለም። በግማሹ እውነት ቢሆን እንኳ መልስ አይደለም። ተራ አንቲቦዲ ጥቂት ቀን ሙቀት ቢያገኘው ብዙ ጊዜ ይቋቋማል፣ ቶሎ የሚጎዳው ሰከንደሪው ነው፣ ማለትም የመጀመሪያውን አንቲቦዲ (ፕራይመሪውን) የሚይዘውና ቀለም ከሚያወጣ ኢንዛይም ጋር የተያያዘው ሁለተኛ አንቲቦዲ። የኛም ኬ14/16 ተርፏል፣ አብሮት የመጣው ኤችአርፒ የሚባል ኢንዛይም ያለበት ሰከንደሪ ግን ደክሞ ነው የደረሰው። ማን ይተካዋል? አስመጪው እኔ አይደለሁም አለ፣ ሻጩ ደግሞ ከበሬ ከወጣ በኋላ አያገባኝም አለ። ከዚያ ወዲህ ፕሮፎርማ ላይ ሦስት ነገር እናስጽፋለን፤ ጭነቱ ሰኞ ወይም ማክሰኞ እንዲነሣ፣ የሙቀት መለኪያ እንዲገባበት፣ በረዶው ቀልጦ ከደረሰ ሰከንደሪው እንዲተካ። አስመጪው መጀመሪያ አንገራገረ፣ በኋላ ፈረመ። እናንተም አስፈርሙ።

ከደረሰ በኋላ ያለው ጠላት መብራት ነው። ፍሪዘሩ ሲጠፋና ሲመለስ አንቲቦዲው ይቀልጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይቀልጣል፣ በዚህ ነው የሚሞተው። እኛ ሲደርስ ወዲያውኑ በትንንሽ ቲዩብ እንከፋፍለዋለን፣ ከ10 ማይክሮሊትር ባላነሰ። የተወሰነውን ደግሞ ግማሽ በግማሽ ከንጹሕ ግሊሰሮል ጋር እናቀላቅለዋለን፣ ያኔ በ20 ከዜሮ በታች ላይ አይጠጥርም፣ መብራት ቢሄድም ቢመጣም የሚሰነጥቀው በረዶ የለም። ሣጥኑ ዙሪያ ውኃ የሞላባቸው የበረዱ ላስቲክ ጠርሙሶችን ደርድሩ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ድረስ ይይዙላችኋል። በራሱ በረዶውን የሚያሟሟ ፍሪዘር ውስጥ ደግሞ በጭራሽ አታስቀምጡ፣ እሱ መብራት ሳይጠፋም ነው ሙቀቱን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልጨምር፣ ከዳታ ሺቱ ላይ በቶሎ የማይገኙትን። ኬ14/16 የሚይዘው ሕዋሱ ውስጥ ያለውን ጅራት ነው፣ ስለዚህ ትራይተን ወይም ሌላ ሽፋን የሚከፍት ነገር ካልጨመራችሁ አይገባም፣ በሕይወት ያለ ሕዋስ ላይም አትሞክሩት። በፎርማሊን ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ቲሹ ላይ ይዳከማል። በመርፌ ለተነጣጠሉ የነርቭ ክሮች 4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ለአጭር ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ይበቃል። የማቅጠኛ መጠኑን እኛ ከ1 ለ 200 እስከ 1 ለ 1,000 አይተን 1 ለ 500 ላይ ረግተናል። ለዳብ ስትሠሩ ፕራይመሪውን ከመጨመራችሁ በፊት በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የቲሹውን የራሱን ኢንዛይም አጥፉ፣ አለበለዚያ ቀይ የደም ሕዋስ ሁሉ ቡናማ ይሆንና ግራ ያጋባችኋል። ኤችአርፒ ሰከንደሪያችሁን ሶዲየም አዛይድ ያለበት በፈር ውስጥ አታቆዩት፣ አዛይዱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ዳቡን ያለ ጓንት አትንኩ፣ ቆሻሻውንም ማጠቢያ ውስጥ አትድፉ፣ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ይጠረጠራል።

አንቲቦዲው ትንሿ አይጥ ላይ የተሠራ መሆኑንም አትርሱ። ራት ላይ ስትጠቀሙበት ሰከንደሪው የራት ፀረ እንግዳ አካልን እንዳይዝ የተጣራ መሆን አለበት፣ ሲገዙ ይህ ቃል ካታሎጉ ላይ አለ፣ ፈልጉት። ትንሿ አይጥ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ሥራው ይከብዳል፣ ሰከንደሪው የእንስሳውን የራሱን ፀረ እንግዳ አካል ሁሉ ያቀልመዋል፤ ያኔ የጥንቸሉ ፖሊክሎናል ይሻላችኋል። እያንዳንዱ ዙር ላይ ፕራይመሪ ያልነካው አንድ ስላይድ ይኑራችሁ። ይህ ስላይድ ቡናማ ከሆነ ቀሪውን አትዩት፣ ጣሉት።

ዋጋን በተመለከተ እውነቱን እንነጋገር። ርካሽ አይደለም፣ በዶላር ነው፣ ምንዛሪ ለማግኘትም ትጠብቃላችሁ። ግን አንዷ ቲዩብ 1 ለ 500 ስትበጠበጥ ለብዙ ስላይድ ትሆናለች፣ በጥንቃቄ ከያዛችኋት ከአንድ ተማሪ በላይ ታስመርቃለች። አሜሪካ አይዋ ዩኒቨርሲቲ ያለው የሃይብሪዶማ (አንቲቦዲ የሚያመነጩ ሕዋሳት) ባንክ ደግሞ ለትርፍ የማይሠራ ነው፣ በአነስተኛ ዋጋ ብዙ ሞኖክሎናሎች አሉት፣ ሌላ ፕሮቲን የምትፈልጉ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉ። የትሪመር ላብራቶሪ ደግሞ የብዙ አንቲቦዲዎቹን የጂን ቅደም ተከተል በነጻ አውጥቶታል፣ ጂኑን የተሸከሙት ፕላስሚድ የሚባሉ የዲኤንኤ ቀለበቶችም አድጂን በሚባለው ማከማቻ በኩል ይገኛሉ። ይህን ነገር በጣም አከብረዋለሁ። ሕዋስ ማሳደግ የሚችል ላብራቶሪ እዚህ አገር ቢበረታ፣ በአውሮፕላን የሚመጣ ቲዩብ ሳንጠብቅ አንቲቦዲውን ራሳችን ልናመርተው እንችላለን ማለት ነው።

ቀጥሎ ያዘዝነው ኬ89/34 ነው፣ የሌላው የፖታሲየም ቻናል የኬቪ 2.1 አንቲቦዲ፣ የካታሎግ ቁጥሩ 75-014። ጂኑ የጠፋበት የአይጥ አንጎል ላይ ተሞክሮ ዝም ማለቱ የታየ ነው፣ እኔን ያሳመነኝም ይኸው ነው። ኬቪ 2.1 የሕዋሱ ገላ ላይ በትንንሽ ጉብታ ተሰብስቦ ይቀመጣል፣ ግን አንጎሉ ኦክስጅን ሲያጣ ጉብታዎቹ ይበተናሉ። እንስሳው ከሞተ በኋላ በዘገየን ቁጥር የምናየው ሥዕል የሞቱን እንጂ የሕይወቱን አይሆንም። ስለዚህ ዕቃው ሳይመጣ ከወዲሁ ፊክሳቲቩን (ቲሹውን እንዳለ የሚያቆየውን ፈሳሽ) በልብ በኩል ማፍሰስን ተማሪዎቹ እየተለማመዱ ነው። እናንተ ጋ ኬቪ 2.1 በዳብ የሞከረ ካለ መጠኑንና ጊዜውን ጻፉልኝ፣ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ያላችሁ ደግሞ አንድ ላይ እናዝዝ፣ የማጓጓዣው ዋጋ ለአንድ ቲዩብም ለአምስት ቲዩብም ያው ነው።